ጠመንጃ የሚመረጠው በጥይቱ ነው

ውጅግራ በወለጋ ገበያ፦ ከዝናር ወደ ገንዘብነት፣ ከገንዘብነት ወደ ግድግዳ ጌጥነት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ ስለ ጠመንጃ ካሊበር ምርጫ ሲነሳ ብዙ ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ከጉልበት ነው። የትኛው ሩቅ ይመታል? የትኛው ጎሽ ይጥላል? የትኛውስ ትከሻ ይምራል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። የገበያ ሰው አስቀድሞ ሊያነሳው የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም «ጥይቱ ነገ ከየት ይመጣል? የሚያመጣውስ ማነው?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በአግባቡ የመለሱ ካሊበሮች ከመቶ ዓመት በላይ በገበያ ላይ ሲቆዩ፣ ያልመለሱት ደግሞ ምንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆኑ ከሙዚየም ግድግዳ አላለፉም። ለዚህ ሁለት ማሳያዎች አሉ። አንደኛው በአሜሪካ ከብት ጠባቂና አዳኝ እጅ ስሙን የተከለው፣ በማንሻ የሚቀባበለው ጠመንጃ ነው። ሁለተኛው ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ እስከ ነጆ ባሉት የወለጋ ገበያዎች ለረጅም ጊዜ የነገሠው ውጅግራ ነው። የሁለቱ አሠራር ለየቅል ቢሆንም የገበያ ታሪካቸው የሚያስተምረው ተመሳሳይ ነገር ነው።

ካሊበር ሲባል ምን ማለት ነው?

ካሊበር በቀላል አነጋገር የአፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት ነው። ይሁን እንጂ ስፋቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሁለት ጥይቶች የአረራቸው ውፍረት እኩል ሆኖ የቀለሃቸው ርዝመት፣ የባሩዳቸው ዓይነትና መጠን ሊለያይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የአንዱ ጥይት በሌላው ጠመንጃ አይተኮስም፤ በግድ ቢገባም የሚጎዳው ተኳሹን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጠመንጃ ገዛ ሲባል የገዛው ብረትና እንጨት ብቻ አይደለም። ጠመንጃው በእጁ እስካለ ድረስ ከአንድ ዓይነት ጥይት ጋር፣ በዚያም በኩል ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ወደብና ከአንድ ነጋዴ ጋር ውል ገብቷል ማለት ነው።

በማንሻ የሚቀባበለው ጠመንጃ ይህን ውል በግልጽ ያሳያል። ተኳሹ ከምላጩ ሥር ያለውን የብረት ማንሻ ወደ ታች ስቦ ወደ ላይ ሲመልሰው የተተኮሰው ቀለሃ ይወጣል፤ አዲሱ ጥይት ይጎርሳል። በአብዛኛዎቹ ዓይነቶች ጥይቶቹ የሚቀመጡት ከአፈሙዙ በታች በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው ነው። የፊተኛው ጥይት መለኮሻ ከኋለኛው ጥይት አፍንጫ ጋር ስለሚነካካ ሹል አረር በቱቦው ውስጥ አይመከርም፤ ጠመንጃው ሲረግጥ ሊያፈነዳው ይችላልና። በመሆኑም የዚህ ጠመንጃ ጥይቶች በአብዛኛው አፍንጫቸው ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ አረር ደግሞ አየሩን እንደ ሹሉ ስለማይሰነጥቅ በቅርብ ሲመታ ከባድ፣ ከራቀ ግን ቶሎ የሚደክም ይሆናል።

የአሜሪካን ገዢ ምርጫ ያቀናው ታዲያ ይህ ብቻ አልነበረም። የዊንቸስተር ኩባንያ በ1873 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጠመንጃ 44-40 የሚባለውን ጥይት ይጎርስ ነበር፤ ስሙ የካሊበሩን ስፋትና 40 ግሬን የሚመዝነውን ጥቁር ባሩድ ያመለክታል። ጥይቱ በዘመኑ ሚዛን እንኳ እጅግ ጉልበተኛ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኮልት የተባለው ኩባንያ በዚሁ ጥይት የሚሠራ ሽጉጥ አወጣ። ከዚያ በኋላ ከከተማ ርቆ የሚኖር ሰው አንድ ዝናር ታጥቆ ጠመንጃውንም ሽጉጡንም የሚያጎርስ ሆነ። ገጠር ያለው ባለሱቅም ሁለት ዓይነት ጥይት ከማከማቸት ተገላገለ። ካሊበሩን ያስወደደው እንግዲህ ጉልበቱ ሳይሆን የመጋዘን ሒሳቡ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው 30-30 ደግሞ በ1894 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንቸስተር ጠመንጃ ጋር ተያይዞ ጭስ አልባ ባሩድ ወደ ተራው አዳኝ እጅ እንዲገባ አድርጓል። 11 ግራም ገደማ የሚመዝነው አረሩ ለአጋዘን አደን በቂ ነው፤ አይረግጥም፤ ከሁሉ በላይ ግን በየመንደሩ ሱቅ ይገኛል። በ1873 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ጦር የተሠራው 45-70ም ከ26 ግራም በላይ የሚመዝነውን አረሩን እንደያዘ ዛሬም በማርሊን ጠመንጃዎች ይጎርሳል። ፋብሪካዎቹ ጥይቱን መሥራት ስላላቋረጡ የ150 ዓመት ዕድሜ ያለው ካሊበር እንደ አዲስ ይሸጣል።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው 405 ዊንቸስተር ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 እ.ኤ.አ. ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲመጡ ይዘውት የነበረው በማንሻ የሚቀባበል ጠመንጃ ይህንኑ ጥይት ይጎርስ ነበር፤ ለአንበሳ መድኃኒት ነው እስከማለትም አሞካሽተውታል። ይሁን እንጂ የፕሬዚዳንት ሙገሳ ገበያ አያቆምም። ጥይቱን የሚፈልግ ሰው ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ካሊበሩ ከመደርደሪያ እየራቀ ሄደ።

ሌላም አስተማሪ ምሳሌ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሩሲያ ከዊንቸስተር ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ በማንሻ የሚቀባበሉ ጠመንጃዎችን ስትገዛ የአሜሪካን ጥይት አብራ አልገዛችም። ጠመንጃዎቹ ራሷ በገፍ የምትሠራውን 7.62 ሚሊ ሜትር የሩሲያ ጥይት እንዲጎርሱ አድርጋ አዘዘች። ብልህ ገዢ ጠመንጃውን ወደ ጥይቱ ያመጣል እንጂ ጥይቱን ወደ ጠመንጃው አይጎትትም።

ውጅግራ ወለጋ እንዴት ገባ?

በወለጋ የነገሠው ጠመንጃ በማንሻ የሚቀባበለው የአሜሪካ ሥሪት አልነበረም። የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የታጠቀው፣ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉትና በአገራችን አፍ ውጅግራ የሆነው ጠመንጃ ነው። ካሊበሩ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል።

ውጅግራን ወደ ቀይ ባሕር የገፋው የፈረንሳይ ቴክኖሎጂ ለውጥ ነው። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ለበል፣ በእኛ አጠራር ለበን የሚባለውን ጠመንጃ ስትይዝ አሮጌው ውጅግራ ከነጥይቱ ትርፍ ሆነ። ትርፍ ዕቃ ርካሽ ነው፤ ርካሽ ዕቃ ደግሞ ገበያ ይፈልጋል። በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ የሚጓዘው የመሣሪያ ንግድ እየሰፋ የሄደው በእነዚህ ዓመታት ነው። ገጣሚው አርቱር ሬምቦ ሳይቀር ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ያረጁ ጠመንጃዎችን ይዞ በ1879 ዓ.ም. እንጦጦ ድረስ መጥቷል። ምኒልክ ግን ዋጋውን ጠንክረው ስለተከራከሩና የሟች ሸሪኩን ዕዳ ስለቀነሱበት ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ተመልሷል። ነገሩ አንድ ሐቅ ያሳያል፤ ገዢው የአውሮፓን አሮጌ ዕቃ ዋጋ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ወለጋ በዚህ ንግድ ውስጥ የገባችው በሁለት በኩል ነው። የመጀመሪያው ጦርነት ነው። በ1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ እምባቦ ላይ የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተጋጥመው ምኒልክ አሸነፉ። ከዚያ በኋላ የምዕራቡ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ወደ ሸዋ የሚጎርፍበት መንገድ ተከፈተ። የሌቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ ከራስ ጎበና ጋር በሰላም ተስማምተው ገቡ። ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብለው ግብር እየከፈሉ አገራቸውን አስተዳደሩ፤ በነቀምቴ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም በቅርስነት ይጎበኛል። በደምቢ ዶሎ በኩል የቄለሙ ጆቴ ቱሉ ነበሩ።

ሁለተኛው ንግድ ነው። አፍቃላ የሚባሉት የኦሮሞ ሲራራ ነጋዴዎች ከቤኒ ሻንጉል ወርቅ፣ ከዝቅተኛው ቆላ የዝሆን ጥርስ፣ ከወለጋ ደጋ ዝባድና ቡና እያነሱ ከገበያ ገበያ ያዘዋውሩ ነበር። በጠረፍ አካባቢ ሰውም እንደ ዕቃ ተሸጧል፤ ከጠመንጃ ንግድ ታሪክ ጋር ይህን አሳዛኝ ምዕራፍ ለይቶ መጻፍ አይቻልም።

የሒሳቡ ዙር እንግዲህ እንዲህ ነበር። የምዕራቡና የደቡቡ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ወደ ሸዋ በግብር ይሄዳል። ከሸዋ ወደ ባሕር ወርዶ ጠመንጃና ጥይት ይገዛል። ጠመንጃው ተመልሶ በወታደር ትከሻ ወደ ወለጋ ይመጣል፤ ያንኑ ግብርም ያስከብራል። አገሬው በራሱ ሀብት የተገዛውን መሣሪያ አፈሙዝ ከፊት ለፊቱ ያየው ነበር ማለት ነው። በአካባቢው ጠመንጃ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሥልጣን ሚዛን የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ገበያው ውጅግራን ለምን ወደደ?

በጊዜው በኢትዮጵያ የነበረው ጠመንጃ ውጅግራ ብቻ አልነበረም። የእንግሊዙ ስናይደር፣ የአሜሪካው ሬሚንግተን፣ የሩሲያው በርዳን፣ የጣሊያኑ ቬተርሊ ሁሉ ገብተዋል። ታዲያ ውጅግራ ለምን በለጠ?

አንደኛ፣ ለአካባቢው ሥራ ተስማሚ ነበር። አረሩ 25 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይህ ከላይ ከተጠቀሰው የአሜሪካው 45-70 ጋር የሚቀራረብ ነው። የዝሆን ጥርስ ከፍተኛ ዋጋ በሚያወጣበትና ዝሆን የገደለ ሰው በሚከበርበት አገር ከባድ አረር የዋጋም የክብርም ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚጠቀመው ጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ከከሰል፣ ከድኝና ናይትሬት ካለበት ጨው የሚሠራ በመሆኑ በአገሪቱ ከቀድሞ ጀምሮ ይዘጋጅ ነበር። አረሩም እርሳስ ነው፤ በማንኛውም ቀጥቃጭ ምድጃ ይቀልጣል። በመሆኑም መለኮሻ እስከተገኘ ድረስ የተተኮሰ የናስ ቀለሃ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ለበን ግን ጭስ አልባ ባሩድ ይፈልጋል። ይህ ባሩድ ደግሞ ከኬሚካል ፋብሪካ እንጂ ከቀጥቃጭ ቤት አይወጣም። በጥራት ለበን ይበልጣል፤ በጥገኝነትም ይበልጣል።

ሦስተኛውና ዋናው ብዛት ነው። ጥይቱ በብዛት ስለገባ ጠመንጃው ተፈለገ፤ ጠመንጃው ስለተፈለገ ነጋዴው ጥይቱን ጨምሮ አመጣ። ዛሬ የኢኮኖሚክስ ምሁራን «የትስስር ጥቅም» የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድ ስልክ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሌላው ሰው ስልክ ሲኖረው ግን ዋጋ ያገኛል። ጎረቤቱ ሁሉ ውጅግራ በታጠቀበት መንደር በርዳን የያዘ ሰው ጥይት ሲያልቅበት የሚበደርበት ቤት የለም።

ጥይት ገንዘብ ሲሆን

ለገበያ ሰው ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ገበያ ትልቁ ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር ግን ለጥቃቅን ግዢ አይመችም። ዶሮ ወይም አንድ ቁና እህል ለመግዛት ጠገራ የሚሰጥ ሰው መልስ ያስፈልገዋል። ለመልስ ያገለግል የነበረው በዋናነት አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ደግሞ ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ በዝናብ ይሟሟል፤ ከአፋር ሜዳ ርቆ ወደ ምዕራብ በሄደ ቁጥርም ዋጋው ይወደዳል።

ይህን ክፍተት ከሞሉት ነገሮች አንዱ የውጅግራ ጥይት ነበር። በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ጥይት ከአሞሌ ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ተዘዋውሯል። ጥይት ለገንዘብነት የሚያበቁትን ባሕርያት ያሟላል። መጠኑ አንድ ዓይነት በመሆኑ ሚዛን ሳያስፈልግ ይቆጠራል። ናስ ስለሆነ አይበሰብስም። በዝናር ታጥቆ ለመጓዝ ይመቻል። ከሁሉም በላይ የሚቀበለው ሰው ነገ ለሌላ አሳልፎ እንደሚሰጠው ያውቃል፤ ካልሆነለትም ይተኩሰዋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ማንኛውም ጥይት ገንዘብ አለመሆኑ ነው። ገንዘብ የሆነው በብዙዎች እጅ ያለው ካሊበር ነው። ጥቂት ሰው የሚይዘውን ጠመንጃ ጥይት ባለገበያ አይቀበልም፤ ለማን ያስተላልፈዋል? በመሆኑም ካሊበር መምረጥ በአንድ በኩል መሣሪያ መምረጥ ሲሆን በሌላ በኩል ደግሞ ቁጠባን በምን ዓይነት ገንዘብ እንደሚያስቀምጡ መምረጥ ነበር። በዝናሩ ሠላሳ የውጅግራ ጥይት የታጠቀ ሰው በወገቡ ቦርሳ ይዞ ይሄድ ነበር ማለት ይቻላል።

የጥይት ገንዘብ ጉድለትም ነበረው። ጦርነት ሲመጣ ገንዘቡ ይተኮሳል፤ ገበያው ዝርዝር ያጣል። መርከብ ሲመጣ ደግሞ በገፍ ይገባና ዋጋው ይወድቃል። «የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው፤ በርካሽ ጥይት የተደሰተው ሰው በእጁ ያለው ቁጠባ አብሮ መርከሱን ዘግይቶ ይረዳል።

መንግሥት በበኩሉ መደበኛ ገንዘብ ለማስለመድ ጥሯል። በ1887 ዓ.ም. ቀን የተቀረጹት የምኒልክ ብሮች ወጡ፤ በ1898 ዓ.ም. ደግሞ የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀመረ። ባንኩ የምዕራቡን ንግድ ለማገልገል እስከ ጎሬና ጋምቤላ ዘልቋል። ወደዚያ የሳበው ምክንያት ግልጽ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ የተመሠረተው የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና በጀልባ ወደ ሱዳን የሚያሻግር በር ሆኖ ነበር፤ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1949 ዓ.ም. ነው።

ጥይትም በዚሁ አቅጣጫ ተጉዟል። የጋምቤላ አኙዋኮች የዝሆን ጥርስ ሰጥተው ከኢትዮጵያ ነጋዴዎች ጠመንጃ በመሰብሰባቸው በ1904 ዓ.ም. የብሪታንያ ጦር ሊያስገብራቸው በዘመተ ጊዜ ከባድ ጉዳት አድርሰውበታል። ሽያጩ ሲፈጸም ተራ ንግድ የመሰለው ነገር ጥቂት ዓመት ቆይቶ የጠረፍ ፖለቲካ ሆነ።

የወደቡ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በውጭ ጥይት ላይ የተመሠረተ ምርጫ ሁሉ የሚፈተነው በሩ ሲዘጋ ነው። የአውሮፓ መንግሥታት በ1882 ዓ.ም. በብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ለመገደብ ከተስማሙበት ጊዜ ጀምሮ የኢትዮጵያ ጥይት በሌሎች በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ከኢትዮጵያ ጋር በፓሪስ የፈረሙት የመሣሪያ ውል የመንግሥትን የመግዛት መብት ቢያውቅም፣ የወደብና የባቡር ቁልፍ ያው በእነሱ እጅ ቀርቷል።

የጥይት ክምችት በጠመንጃ ምርጫ ላይ እንደሚያዝ ጣሊያኖችም ያውቁታል። ለዐድዋ ጦርነት ከተላኩት የጣሊያን ወታደሮች ብዙዎቹ አዲሱን ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ሳይሆን ቬተርሊን የመሰለ አሮጌ መሣሪያ ይዘው የዘመቱት የቆየውን የጥይት ክምችት ለመጨረስ ተብሎ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ሽንፈቱን ያመጣው ይህ ብቻ ነው ባይባልም፣ ክምችት ለመጨረስ ሲባል የተደረገ ቁጠባ ምን ያህል ውድ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ከአርባ ዓመት በኋላ ተራው የኢትዮጵያ ሆነ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራው ሲጀመር የክቡር ዘበኛ ጦር ዘመናዊ ጠመንጃ ቢታጠቅም፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰበሰበው ሠራዊት ግን ውጅግራውንም፣ ለበኑንም፣ ምንሽሩንም፣ ሞዘሩንም ቀላቅሎ ይዞ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። አንድ የጥይት ሣጥን ግንባር ሲደርስ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ለየትኛው ነው?» የሚል ነበር። በሰላም ጊዜ እያንዳንዱ ባላባት ለኪሱ የሚስማማውን መርጧል፤ የምርጫዎቹ ድምር ግን ለአገር አልተስማማም።

በዚያን ጊዜ የተደረገ አንድ ግዢ በአንጻሩ የሚያስመሰግን ነው። ጀርመን በምሥጢር ለኢትዮጵያ ሰጠችው የሚባለው መሣሪያ 10 ሺህ የሞዘር ጠመንጃና 10 ሚሊዮን ጥይት ያካተተ ነበር። ስሌቱ ለአንድ ጠመንጃ 1 ሺህ ጥይት ነው። ጠመንጃ እንዲህ ሲገዛ ነው ተገዛ የሚባለው።

ወለጋም የዚህ ጦርነት ታሪክ አላት። ሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ገደማ ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች የተጠናከሩት የጥቁር አንበሳ አባላት አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ የመጡትን መኮንኖች ደምስሰዋል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የጅቡቲ በር ተዘግቷል። በየጫካው የቀሩት አርበኞች ጥይት የሚያገኙበት ዋናው ምንጭ ጠላት ራሱ ሆነ። ከጠላት የተማረከ የጣሊያን ጠመንጃ ጥይቱ ከሚቀጥለው ምሽግ ይገኝለታል፤ ያባት ውጅግራ ግን ጥይቱ ካለቀ ዱላ ነው። የገበያው ሕግ በጫካም ሠርቷል፤ ተመራጩ ካሊበር ጥይቱ የሚገኘው ካሊበር ነው።

ከነጻነት በኋላ

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ የካሊበሩ ምርጫ የዲፕሎማሲውን አቅጣጫ ተከተለ። በመጀመሪያ የእንግሊዝ 303 ጥይት ገባ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ዕርዳታ ስምምነት ሲፈረም የአሜሪካው ኤም ዋን ጠመንጃና 30-06 ጥይቱ ተከተሉ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. መንግሥት ፊቱን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲያዞር ደግሞ የክላሽንኮቭ 7.62 በ39 ጥይት አገሩን ሞላው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ይኸው ጥይት በየገጠሩ ተረጨ። በእያንዳንዱ ለውጥ የቀድሞው ጠመንጃ አልተሰበረም፤ ጥይቱ ብቻ መምጣቱን አቆመ። ጠመንጃ ለመሞት ይህ በቂው ነው።

ክላሽ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ አምቦ አካባቢ ያለው የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ አገሪቱ ጥይት በራሷ ትሠራለች። ውጅግራ በሕይወቱ ያላገኘው ይህን ነበር። የቀጥቃጭ ምድጃና የጥቁር ባሩድ ዕውቀት በአገሩ እያለ ሥራው ወደ ፋብሪካ ሳያድግ ቀረ፤ ጥይቱ እስከመጨረሻው የትርፍ ዕቃ ገበያ ጥገኛ ሆኖ ኖረ። ትርፍ ዕቃ ደግሞ አንድ ቀን ያልቃል።

ዛሬ ጠመንጃ በገበያ እንደ ቡና የሚደራደሩበት ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝንም፣ መነገድንም፣ ማዘዋወርንም ከፈቃድ ጋር አስሯል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ የደረሰውን የሰው ሕይወትና የንብረት ጥፋት ያየ ነጋዴ የዚህን ቁጥጥር አስፈላጊነት ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ መንገድ ሲዘጋ ቡናው የሚበላሸው በእሱ መጋዘን ነው።

የውጅግራ ትምህርት ግን ከጠመንጃ ያልፋል። የቡና መፈልፈያ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የውኃ ፓምፕ ወይም የጭነት መኪና የሚገዛ የነቀምቴም ሆነ የጊምቢ ባለሀብት ሁሉ ካሊበር እየመረጠ ነው። ሦስት ጥያቄዎች ሊያነሳ ይገባል። መለዋወጫው ማን ዘንድ ይሠራል? በየትኛው በር ይገባል? በሩ ቢዘጋ በአገር ውስጥ ምን ያህሉን መተካት ይቻላል? ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበት ሲያወራ ገዢው እነዚህን ካልጠየቀ፣ ርካሹ ማሽን እንደ አያቱ ውጅግራ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

በአንዳንድ የወለጋ ቤቶች ያረጀ ውጅግራ የአባት መታሰቢያ ሆኖ ተቀምጦ ይገኝ ነበር። ሰደፉ በዘይት ተወልውሏል፤ መቀባበያው ይሠራል፤ አፈሙዙም ደህና ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአንድ ወቅት ገበያ ወጥቶ እህል የሚገዛበት ጥይት ዛሬ በየትኛውም ገበያ አይገኝለትም።